ጁሱ ይቆየን፣ ድስት እንጣድ

ምግብ ቤቷን በከፈትን በመጀመሪያው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ከጓሮው የለቀምነው ማንጎ አራት ሳጥን ሞልቶ ተደርድሯል። ጁስ መፍጫው ዝም ብሎ ተጎልቷል። እንግዳ ይመጣል፣ "ጁስ አለ?" ይላል፣ "መብራት የለም" እንላለን፣ ፊቱን ቋጥሮ አምቦ ውሃ ያዛል። በሦስተኛው ቀን የማንጎው ግማሽ ጠቁሮ ንብ ወረረው። ወጥ ቤት የሚያግዙን እናት ሽንኩርት እያቁላሉ ነበር። ዞር ብለው አዩኝና "ልጄ፣ እሳቱ እኮ አልጠፋም" አሉኝ።

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር ፍራፍሬ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ጁስ ነው፣ ቢበዛ ስፕሪስ። ቲማቲምን ስንቆርጥና ስናቁላላ፣ ዱባን ወጥ ስናደርግ ኖረን ማንጎን ግን ድስት አጠገብ አናደርሰውም። እኔ የምሠራባት ቤት ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ፣ ከቆላ ድባ አለፍ ብሎ፣ ከእርሻ ጋር የተያያዘች ናት። ጓሮው ውስጥ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ሎሚና ጥቂት ጊሽጣ አለ። ከዚያ ግንቦት ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ምግብ ቤት ባይኖራችሁም ጓሮ ወይም ጥሩ ገበያ ካላችሁ ይሠራል።

መጀመሪያ ዛፉን ጠይቁ

የከተማ ምግብ ቤት ሜኑ አሳትሞ ከዚያ ገበያ ይወጣል። እናንተ ገልብጡት። ጠዋት ጓሮውን ዞራችሁ የደረሰውን አይታችሁ ነው ምሳውን የምትወስኑት። እኛ የታተመ ሜኑ የለንም፣ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አለ፣ በቃ።

በግምት እንዲህ ነው የሚሄደው። ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ የማንጎ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የኮክ። እኛ ጋ ኮክ የለም፣ ኮክ ብርድ ይወዳል፣ ስለዚህ ከደጋው በኩል የሚመጣውን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወጥተን እንገዛለን። ክረምቱ ሲወጣ ዘይቱን ይጀምራል፣ የአዲስ አበባ ጁስ ቤቶች ጉዋቫ የሚሉት ማለቴ ነው። ፓፓያና ሎሚ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያሉ ይሰጣሉ። ጣና ዳር ሞቅ ስለሚል ከጎንደር ከተማ ቀድሞ የሚደርስ ነገር አለ፣ ደጋው ወገራ ላይ ደግሞ ጭራሽ የማይበቅል አለ። የአንድ ሰዓት መንገድ ወቅቱን ይለውጠዋል። ለእኔ ይሄ በረከት ነው፣ ከታች ሲያልቅ ከላይ ይመጣል።

ለቀማው ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ሳይከር። ማንጎ ስትቆርጡ ጭራውን ሁለት ጣት ያህል አስቀሩለት፣ ምክንያቱም ከሥሩ የሚወጣው ወተት ልጣጩን ያቃጥላል፣ ቆዳችሁንም ያሳክካል። ከዚያ ቤት ስትደርሱ ጭራውን አሳጥሩና ቁልቁል ዘቅዝቃችሁ አንጠባጥቡት። ዘይቱንን ሙሉ ለሙሉ ቢጫ እስኪሆን ዛፍ ላይ አትጠብቁት። ትል ይቀድማችኋል። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ማለት ሲጀምር ልቀሙት፣ ቤት ውስጥ ይጨርሳል።

ቤት ውስጥ የሚጨርሰውንና የማይጨርሰውን መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ኮክና ጊሽጣ ከተለቀሙም በኋላ ይበስላሉ። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሮማንና ወይን ግን ዛፍ ላይ እንደነበሩ ይቀራሉ፣ ጎምዛዛ ብርቱካን ሳምንት ብታስቀምጡት ያው ጎምዛዛ ነው፣ ብቻ ይጨማደዳል። እናቶቻችን ማንጎና ሙዝ ጭድ ውስጥ የሚቀብሩት በከንቱ አይደለም። ፍሬው ራሱ ኤትሊን የሚባል የሚያበስል ጋዝ ያወጣል፣ ጭዱ ያንን ጋዝና ሙቀቱን ያዝ ያደርገዋል። ቸኩላችሁ ከሆነ አንድ የበሰለ ሙዝ መሀሉ ጣል አድርጉ። ያልበሰለ ማንጎ ግን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጎዳል፣ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ወጥቶም በደንብ አይበስልም።

ማንጎ፦ ጥሬውም ብስሉም

ገበያ ላይ ልጣጩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበትን ማንጎ ሰው ይሸሻል። በፈረንጆች 2010 ወለጋ ውስጥ መታየቱ የተመዘገበ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ የደረሰ ነጭ ተባይ አለ፣ የማንጎ ዛፍ ያለው ገበሬ ሁሉ ያማርረዋል። ፍሬው ውስጡ ደህና ከሆነ ግን ለወጥ ቤት ምንም አይለውም። ታጥቦ ይላጣል። መልከ ጥፉውን በርካሽ ግዙ፣ ቆንጆውን ለጁስ ቤት ተዉለት።

የሀበሻው ማንጎ ጭረት ይበዛዋል፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እሱን ቀቅላችሁ በወንፊት አሳልፉት። ትልልቁ ዲቃላ ማንጎ ደግሞ ተቆርጦ ለሚቀርብ ነገር ነው።

በቤታችን ቶሎ የሚያልቀው ምግብ የዓሣ ጥብስ ከማንጎ ቁርጥ ጋር ነው። ዓሣው ከጣና የመጣ ቆሮሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ በሎሚና በጨው ታሽቶ በዘይት የተጠበሰ። ቁርጡ ቀላል ነው፣ የቲማቲም ቁርጥ መሥራት የሚችል ሁሉ ይችለዋል። ሁለት ገና ያልለሰለሰ ማንጎ፣ ሲነኩት ጠንከር የሚል፣ በትንንሹ ከትፉ። አንድ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ቁረጡና በጨው አሽታችሁ እጠቡት፣ ምሬቱ ይውጣ። ሁለት ቃሪያ፣ ካገኛችሁ ትኩስ የበሶብላ ቅጠል፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ ለአመል ያህል ሚጥሚጣ። ቀላቅሉና ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ሩብ ሰዓት ነው ያልኩት፣ ጠዋት ሠርታችሁ ለምሳ ብታቀርቡት ውሃ ያዝላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ፣ እኛ ጋ በየጠረጴዛው ይነሳል፣ አንድም ቀን አልቆ አያውቅም።)

ጭራሽ ያልበሰለው፣ አረንጓዴው፣ ሎሚ የሚተካ ነገር ነው። ተፍቆ ከስናፍጭና ከጨው ጋር ሲቀላቀል አፍ ይከፍታል። ለተልባና ለሱፍ ፍትፍት አጠገብ ጣል አድርጉት፣ በተለይ በሁዳዴ መጨረሻ ሰው ሽሮ ሲሰለቸው። ያኔ ደግሞ ዛፉ ላይ አረንጓዴ ማንጎ ሞልቷል። ነፋስ የጣለውን ለቅሞ መጠቀም ነው እንጂ ለዚህ ብሎ ደህና ፍሬ መቁረጥ ነውር ነው።

ብስሉን በወንፊት አሳልፋችሁ ከአዋዜ ጋር ቀላቅሉት። ሁለት እጅ ማንጎ፣ አንድ እጅ አዋዜ። ለጥብስ ይሆናል፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ካስገባችሁት ስኳሩ ድስቱ ላይ ይይዝና መራራ ይሆናል። ሥጋው ከበሰለ በኋላ፣ እሳቱ ቀንሶ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

የተረፈውን ቋንጣ አድርጉት። አዎ፣ የማንጎ ቋንጣ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ስስ ስስ ቁረጡ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ንከሩት እንዳይጠቁር፣ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ዘርጉና ስስ ጨርቅ አልብሱት፣ ዝንብ እንዳይደርስበት። ፀሐይ ካለ በሁለት በሦስት ቀን ይደርሳል፣ ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ። ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲጫኑት ግን ውሃ የማይሰጥ ሲሆን በቃው። ይሄን በሚያዝያና በግንቦት ጨርሱት። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ያሻግተዋል፣ እኔ አንድ ሰፌድ ሙሉ ለዶሮ ሰጥቻለሁ።

ዘይቱን፣ ቴርሞሜትሩና እኔ

ማርማላታ መሥራት የጀመርኩት በዘይቱን ነው። የሆነ የፈረንጅ መመሪያ አነበብኩ፣ "104 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ" ይላል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ድስቱን ጣድኩ፣ ዓይኔን ቁጥሩ ላይ ተከልኩ። 96፣ 97፣ 98። ማማሰያው እየከበደ መጣ። እኔ ቁጥሩን እጠብቃለሁ። 100 ሲሞላ ሽታው ተለወጠ። ስድስት ኪሎ ዘይቱን ጥቁር ማስቲካ ሆነ፣ ድስቱን ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀ።

በኋላ ነው የገባኝ። ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። (ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፣ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት።) ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ እኛ ወደ ጣና ስለወረድን 94 ገደማ ላይ። ማርማላታ የሚረጋው ውሃ ከሚፈላበት አራት ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ 97 አካባቢ፣ እኛ ጋ 98 አካባቢ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ቁጥሩን ይይ፣ ከዚያ አራት ተኩል ይደምር። የሌለው ሰው ሳህን ይጠቀም፣ እሱን እነግራችኋለሁ። ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚፈላ ውሃ ሁሉ እኩል አይሞቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ኪሎ ዘይቱን ውሰዱ፣ ሁለት እጁ የበሰለ፣ አንድ እጁ ገና ቢጫ ማለት የጀመረ ይሁን። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው ነገር ካልበሰለው ውስጥ ይበዛል፣ ሽታና ጣዕም ደግሞ ከበሰለው ይመጣል። እጠቡ፣ ጫፍና ጫፉን ቁረጡ፣ ለአራት ክፈሉት። ሲከፈል ውስጡን እዩ፣ ትል ያለበትን አውጡ፣ አትሳቀቁ፣ ይኖራል። አፉን ሸፈን እስኪያደርገው ድረስ ውሃ አድርጋችሁ በመጠነኛ እሳት ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ ቀቅሉ። ሲፈራርስ በማማሰያ ጨፍልቁና በወንፊት አሳልፉት። ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል፣ አንድም እንዳያልፍ።

ያለፈውን መዝኑ። ለአንድ ኪሎ 750 ግራም ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ስኳሩ በዛ ትላላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ሁሉም ይላል። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ እንዲረጋና እንዳይሻግት የሚያደርገው እሱ ነው። ከቀነሳችሁ ሾርባ ይሆንባችኋል፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሻጋታ ያበቅላል። ሎሚውም እንደዚያው፣ ያለ እሱ ፔክቲኑ አይያያዝም።

ድስቱ ሰፊ ይሁን፣ ከግማሽ በላይ አትሙሉት። አሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፣ ጎምዛዛ ነገር ሲፈላበት ቀለሙንም ጣዕሙንም ያበላሻል። የማይዝግ ብረት ካለ እሱ፣ ከሌለ የተሟሸ ሸክላ ድስት። ስኳሩ እስኪሟሟ ቀስ አድርጉ፣ ከዚያ እሳቱን ጨምሩና ማማሰል ነው። ይፈነጥቃል። ረጅም እጅጌ ልበሱ። የማርማላታ ፍንጣሪ ከዘይት ፍንጣሪ ይብሳል፣ ቆዳ ላይ ይለጠፋልና።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪጅ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጡት። ደረሰ ብላችሁ ስታስቡ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ጠብ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁና በጣት ግፉት። ከተጨማደደ ደርሷል። ከፈሰሰ ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። ስትሞክሩ ድስቱን ከእሳት ማውረድ አትርሱ፣ እናንተ ሳህን ስትነኩ ድስቱ አይጠብቃችሁም።

ጠርሙሶቹን አስቀድማችሁ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቀቅሉ። መጽሐፍ 10 ደቂቃ ይላል፣ ያም ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ይጨመራል፣ ለእኛ 17 ደቂቃ በቂ ነው። ማርማላታው በሙቀቱ ይሞላል፣ ጠርሙሱም ትኩስ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ላይ ካፈሰሳችሁ ይሰነጠቃል። ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ክዳኑን ገጥማችሁ የሞላውን ጠርሙስ እንደገና 15 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ቀኑን ጻፉበት።

እኛ ትኩስ ድፎ ዳቦ ላይ ከአይብ ጋር ነው የምናቀርበው። የአይቡ ኮምጠጥ ማለት ጣፋጩን ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ረስቼው ከሚገባው በላይ ወፈረ፣ ሳይቃጠል ግን። ትሪ ላይ አፍስሼ አሳደርኩት፣ ጠዋት እንደ ከረሜላ በቢላ ተቆረጠ። አሁን ሆን ብዬ እሠራዋለሁ፣ ከቡና ጋር ከፈንዲሻው ጎን ሁለት ሁለት ይቀርባል። ከምሳ በኋላ ጣፋጭ የመብላት ልማድ የለንም፣ ከቡና ጋር ከመጣ ግን ማንም እምቢ አይልም።

ኮክ በፍልሰታ

ኮክ የሚደርሰው ፍልሰታ ላይ መሆኑ የታደለ ነገር ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ አትክልቱ ውሃ ውሃ ይላል። ሀበሻው ኮክ ትንሽና ጎምዛዛ ነው፣ ጠንከር ይላል። ለመብላት ትልቁ ይሻላል፣ ለማብሰል ግን ትንሹን የሚያህል የለም፣ ድስት ውስጥ አይፈርስም።

ምስር ወጥ ውስጥ አስገቡት። ለአራት ሰው ሁለት ብርጭቆ የምስር ክክ፣ ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደንብ አቁላሉ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ። ነጭ ሽንኩርት። ምስሩ ይግባ። ኮኩን ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ልጣጩ በእጅ ይወልቃል። ስድስት ሰባት ኮክ ለሁለት ለሁለት ክፈሉ፣ ምስሩ ሊደርስ ሲል ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ፣ መከለሻ ጣል፣ አውርዱ። በርበሬውና ጎምዛዛው ሲገናኙ ቅቤ ለምን እንደሌለው ትዘነጋላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ያቀረብኩላቸው አንድ አዛውንት በእንጀራው ገልጠው አዩና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ድንች ነው?" አሉ። ኮክ ነው ስላቸው ዝም ብለው በሉ። ሲጨርሱ ጭልፋ አስደገሙ፣ አስተያየት አልሰጡም።

ሌላው መንገድ ምጣድ ነው። እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ያ ሙቀት በነፃ ነው። ለሁለት የተከፈለ ኮክ፣ ጥቂት ማር፣ ለአመል ኮረሪማ፣ አክንባሎውን ግጠሙና ሃያ ደቂቃ። ግን ከሥሩ የሙዝ ወይም የኮባ ቅጠል አንጥፉ! በቀጥታ አስቀምጬ ጭማቂው ምጣዱ ላይ ተቃጠለ፣ ለሳምንት እንጀራው እየተያያዘ አስቸገረ፣ ጋጋሪያችንም እስካሁን ስታነሳብኝ ትኖራለች። ምጣድ እንደገና ማሟሸት ቀልድ አይደለም።

የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ለውዝ መሳይ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ መርዝ ይፈጥራል። አትፍጩት፣ ልጆችም አይብሉት።

ፓፓያ ሥጋ ሲያለሰልስ

ያልበሰለ ፓፓያ አትክልት ነው። ላጡት፣ ፍሬውን አውጡ፣ እንደ ድንች ቁረጡና በእርድ፣ በዝንጅብልና በቃሪያ አልጫ ሥሩት፣ ሃያ ደቂቃ። ዱባ አይሆንም፣ ከዱባ ቀለል ይላል። ለነፍሰ ጡር ግን ያልበሰለ ፓፓያ ስለማይመከር እንግዳውን መጠየቅ አለባችሁ።

ዋናው ጉልበቱ ሌላ ነው። ገጠር የምታገኙት ሥጋ ብዙ ጊዜ ሲያርስ የኖረ በሬ ነው፣ ጥርስ ይፈታተናል። ጥሬ ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ሥጋ የሚበትን ነገር አለ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፋቀ ጥሬ ፓፓያ እሹበት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ጠራርጋችሁ ጥበሱ። ከዚያ በላይ አታቆዩት። እኔ ማታ አሽቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ጥብስ ሳይሆን ገንፎ አገኘሁ። የበሰለ ወይም የተቀቀለ ፓፓያ ይሄን ሥራ በደንብ አይሠራም፣ ሙቀት ኃይሉን ይገድለዋል። ፓፓያ በወተት ተመቶ ትንሽ ሲቆይ የሚመረውም በዚሁ ነገር ነው፣ ወዲያው ካልተጠጣ አትሥሩት።

የቀሩት ባጭሩ

ጊሽጣ እሳት ላይ አይጣድም። ሙቀት ሲነካው ያ ሽታው ሁሉ ይጠፋል። በማንኪያ አውጥታችሁ ከቀዝቃዛ እርጎ ጋር ብሉት። የውስጡን ዘር አንድ በአንድ ልቀሙና አውጡ፣ መፍጫ ውስጥ አይግባ፣ መርዝነት አለው።

ሎሚ ሲበዛ በጨው አስቀምጡት። አንድ ኪሎ ሎሚ ከላይ እስከ ታች በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቁ፣ ሳይለያይ፣ 250 ግራም ጨው ውስጡ ጠቅጥቁና ጠርሙስ ውስጥ ጫኑት። ጭማቂው ካልሸፈነው ሌላ ሎሚ ጨምቁበት። በወሩ ልጣጩ ይለሰልሳል። ታጥቦ በትንሹ ተከትፎ ጎመን ውስጥ፣ ዓሣ ጉላሽ ውስጥ ይገባል። ምሬቱ ይሄድና ሽታው ይቀራል።

የጫካውን ፍሬ ልጆች በጣሳ ያመጡልናል። አጋም፣ ኮሽም፣ አንዳንዴ ቀጋ። ኮሽም ጎምዛዛ ስለሆነ እንደ ዘይቱኑ ማርማላታ ይሆናል፣ ሎሚ እንኳ አይፈልግም። አጋሙን ጨፍልቀን፣ በጨርቅ አጥልለን፣ ብርዝ ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ፈረንጆቹ ፎቶ ሳያነሱ አይጠጡትም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። መረንዝ የሚባል አጋምን የሚመስል መርዛማ ቁጥቋጦ አለ። አጋም እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም። ልጆቹን ከየት እንደለቀሙ ጠይቁ፣ ካላወቃችሁት ቁጥቋጦ የመጣ ከሆነ የጣሳውን ዋጋ ክፈሏቸውና ፍሬውን ድፉት። ካልከፈላችኋቸው በሚቀጥለው አይነግሯችሁም።

ሰሌዳው ላይ የምትጽፉትም የሥራው አካል ነው። "የማንጎ ቁርጥ" ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ሰው ያልፈዋል። "ቆሮሶ ጥብስ፣ ዛሬ ጠዋት ከተለቀመ ማንጎ ጋር" በሉ፣ የጾም ከሆነ "የጾም" ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ፣ ረቡዕና ዓርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሲያልቅ ወዲያው አጥፉት። እንግዳ ከጎንደር ድረስ መጥቶ ሰሌዳው ላይ አንብቦ "አልቋል" ከሚባል፣ ጭራሽ ባያየው ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሽሮና የዘይቱን ማርማላታ ነው፣ ሁለቱም ይቆያሉና።